ከሊሾው ሥር

አምና ነሐሴ መገባደጃ ላይ ለልጄ የመጽሐፍ መደርደሪያ ልሠራላት ብዬ አንድ የዋንዛ ጣውላ ለሁለት ቆረጥኩ። ሁለቱንም ላግኋቸው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኳቸው፣ ጠርዛቸውን አስተካከልኩ። ሲመሽ አንደኛውን ግድግዳ አስደግፌ፣ ሌላኛውን ቦታ ስላጣሁለት ወለሉ ላይ አጋድሜ በሩን ቆልፌ ገባሁ። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ የተደገፈው እንደ ተውኩት ቀጥ ብሎ ቆሟል። የተጋደመው ግን ሁለት ጎኖቹ ወደ ላይ ተነሥተው ሆዱ ብቻ ወለሉን ነክቷል። ጫን ሳደርገው እንደ ጀልባ ይወዛወዛል።

ጣውላ ይጣመማል፤ ይሄ ብርቅ አይደለም። በደንብ ሳይደርቅ ሸጠልኝ ብዬ ነጋዴውን ማማት እችል ነበር። ነገር ግን ሁለቱ ቁራጮች ከአንድ ጣውላ የወጡ፣ በአንድ ቀን የተላጉ፣ በአንድ ክፍል ያደሩ ናቸው። የሚለያቸው አንዱ ወለል ላይ መተኛቱ ብቻ ነው። እንጨት በቁመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ የሚያብጠውም የሚሰበሰበውም በወርዱ ነው። የታችኛው ፊቱ ውሃ ጠጥቶ ሲሰፋ የላይኛው ባለበት ስለሚቀር ጎኖቹ ግድ ወደ ላይ ይታጠፋሉ። እስከዚህ ይገባኛል። ያልገባኝ ውሃው ከየት እንደ መጣ ነው። ሊሾውን በእጄ ዳበስኩት፤ ቀዝቀዝ ከማለቱ በቀር ደረቅ ነው።

ነገሩ ይበልጥ የከነከነኝ በዚያው ሰሞን የዚህችን ክፍል ወለል ምን ላልብሰው እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ ስለነበር ነው።

## ከአውሮራ የመጣው ፎቶ

ሰርቪሷ ከግቢያችን ጀርባ፣ ወደ አጥሩ ተጠግታ የተሠራች አንዲት ክፍል ናት። ድሮ ማድ ቤት ነበረች፤ ግድግዳዋ ቀለም ተቀብቶ እንኳ የጭሱ ጥቁረት ያሳብቃል። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ ስለምውል፣ ማታ ማታና ቅዳሜ እዚያ ገብቼ በርጩማ፣ መደርደሪያ፣ የልጆች መጫወቻ እሠራለሁ። የምሸጠው ነገር የለም። ዘመድ ሲወልድ ወይ ቤት ሲገባ ግን ባዶ እጄን አልሄድም።

ከክፍሏ ያማረረኝ ወለሏ ነው። ሊሾው መሰነጣጠቁን እንኳ ችዬው ነበር፤ ዱቄት መትፋቱን ግን አልቻልኩትም። ጠርገህ ስትጨርስ መጥረጊያው ራሱ አዲስ አቧራ አስነሥቶ ይጠብቅሃል። ሊሾ እንዲህ የሚሆነው ሲቦካ ውሃ ሲበዛበት፣ ወይም ላዩ ገና ውሃ እንዳቀረረ ደረቅ ሲሚንቶ እየተነሰነሰበት ሲለሰን፣ ወይም ከተለሰነ በኋላ ውሃ ሳይጠጣ ሲተው ነው። ላዩ ላይ ደካማ ቆዳ ይቀርና ዕድሜ ልኩን ሲፈረፈር ይኖራል። የእንጨት ብናኝ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 ካንሰር አምጪ ብሎ ፈርጆታል። በዚያ ላይ የሲሚንቶ ብናኝ መጨመር ለሳንባዬ ምን የሚሉት ስጦታ ነው? ደግሞ ያ ብናኝ አየር ላይ ቆይቶ ቆይቶ የሚያርፈው ያልደረቀ ቫርኒሽ መርጦ ነው። ቫርኒሽ ቀብቶ የሚያውቅ ሰው ብስጭቴ ይገባዋል።

የባለቤቴ ወንድም ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው የሚኖረው። ጋራዡን ኢፖክሲ አስቀብቶ ፎቶውን ላከልን። ግራጫ መሬት፣ ላዩ ላይ ጥቁርና ነጭ ፍንጥቅጣቂ፤ የጣሪያው መብራት ወለሉ ውስጥ ተመልሶ ይታያል። ባለቤቴ ስልኩን ተቀብላኝ አየችና «ይሄን ካደረግክማ ሳሎኑን ላንተ ትተን እኛ እዚያ እንገባለን» አለችኝ።

ፎቶው ከመጣ በኋላ ሌላው ሁሉ ደበዘዘብኝ። ኢፖክሲ ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው የሚጠነክሩ ነገር ነው፤ አንዴ ከጠነከሩ ወደ ፈሳሽነታቸው አይመለሱም። ዘይት አይዘልቀውም፣ ኮላ ቢንጠባጠብበት ተፍቆ ይነሣል፣ ብሎን ቢወድቅ ወለል ብሎ ይታያል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ምን እንደ ሆነ ለማንም አልነግርም። ቢሆንም ክፍሏ ጠባብ ናት፣ አንድ ጊዜ ወጥቶ የሚያልቅ ወጪ ነው ብዬ ልቤን አሳመንኩና ልገዛ ሄድኩ።

## «ወለሉ ደርቋል?»

የግንባታ ዕቃ መሸጫው ውስጥ ያስተናገደችኝ ልጅ ገና ወጣት ናት። የክፍሏን ስፋት ነገርኳት፤ ቀለሙን ነገርኳት። ካልኩሌተሯን አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ ወለሉ ደርቋል?»

«ሊሾው እኮ ካንቺ በዕድሜ ይበልጣል» አልኳት።

«ዕድሜውን አይደለም የጠየቅኩዎት» ብላ ሳቀች። «ፕላስቲክ ቁረጡና አራት ጎኑን በማሸጊያ ፕላስተር ወለሉ ላይ ጥብቅ አድርጋችሁ ለጥፉት። ይደር። ጠዋት ሥሩ ውሃ ካገኛችሁ ይሄን አይግዙኝ፤ ተመልሰው ከኔ ጋር ነው የሚጣሉት።»

አትግዙኝ የሚል ሻጭ ሲያጋጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው። በኋላ ሳነብ ዘዴው ወለል የሚቀቡ ባለሙያዎች ሁሉ የሚያውቁት ሆኖ አገኘሁት፤ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚጠጋ ፕላስቲክ ቢያንስ ለ16 ሰዓት ታሽጎ ይቆያል። ያን ዕለት ማታ በየጥጉም፣ መሐል ላይም ለጠፍኩ። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አደረ።

ጠዋት መጀመሪያ ያነሣሁት ከጀርባው ግድግዳ ሥር ያለውን ነው። ከፕላስቲኩ ሥር ጤዛ ተሰድሯል፤ ጫፉን ይዤ ስጎትተው ጠብታዎቹ እየተያያዙ ወረዱ። ሊሾው ላይ ደግሞ በፕላስቲኩ ልክ ጥቁር አራት ማዕዘን ታትሟል። ዙሪያው ግራጫና ደረቅ፣ ውስጡ እርጥብ ነው። ውሃው የፕላስቲኩ የላይኛው ፊት ላይ ቢሆን ኖሮ ከክፍሉ አየር የመጣ ነው ይባል ነበር። ከሥር ሲሆን ግን ከመሬት ነው።

ወደ ሥራ መሄዴን ረስቼ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ጥቁሩ አራት ማዕዘን ከጠርዙ ጀምሮ እየሳሳ፣ እየገረጣ ሄደ። ሻዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ ጠፋ። ወለሉ እንደ ድሮው ደረቅ መሰለ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ይህ ወለል ክረምቱን ደርቆ አያውቅም። ደረቅ የሚመስለው የሚመጣበትን ውሃ እየተነፈሰ ስለሚያወጣው ነው። ጣውላዬ ያን ሌሊት የሆነው ልክ እንደ ፕላስቲኩ ነው፤ መውጫው ላይ ተኛበትና ጠጣው።

እስከዚያች ጠዋት ድረስ ጥያቄው «ከላይ ምን ላድርግበት» ነበር። ሊሾውን የቆጠርኩት እንደ ባዶ ሰሌዳ ነው፤ ምንም የማይሠራ፣ የሚለብስ እስኪመጣለት የሚጠብቅ። እሱ ግን ሌት ተቀን ሥራ ላይ ነበር። ኮንክሪት ለዓይን ድንጋይ ይመስላል እንጂ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ ከሥሩ ያለ ውሃ በነዚያ እየተሳበ፣ ከፊሉም በእንፋሎት መልክ፣ ወደ ደረቁ አየር ይወጣል። ላዩን ብዘጋው ውሃው ተዘጋብኝ ብሎ አይመለስም። ከሽፋኑ ሥር ይጠራቀማል፤ ሲመጣ ደግሞ ከሲሚንቶው ውስጥ ያሟሟውን ጨው ይዞ ነው። ኢፖክሲው ይቋጥራል፣ ቋጠሮው ይፈነዳል፣ ከዚያ በኋላ በስፓቱላ እየፋቁ ማንሣት ነው። ፒቪሲ ታይል ባነጥፍም ያው፤ ኮላው ይለቅና ጥጉ ይነሣል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ እኔን ያዳነኝ የሌላ ሰው ጥርጣሬ ነው።

በነገራችን ላይ ኢፖክሲን እየኮነንኩ አይደለም። ሥሩ ፕላስቲክ ተነጥፎለት፣ በደንብ ደርቆ የተሠራ ወለል ላይ ከሱ የሚሻል ጥቂት ነው። የአማቼ ጋራዥም የሚያምረው በከንቱ አይደለም። ግን ዴንቨርና አካባቢዋ ዓመቱን ሙሉ የሚዘንብባቸው 400 ሚሊ ሜትር አይሞላም። አዲስ አበባ ከ1,000 በላይ ታገኛለች፤ አብዛኛውን ደግሞ በሰኔና በመስከረም መካከል ትጠጣዋለች። የሰው ወርቅ አያደምቅም።

## አሸንዳው

ጥጎቹ ሁሉ አንድ አልነበሩም። ከጀርባው ግድግዳ ሥር ጠብታ፣ መሐል ላይ ስስ ጤዛ፣ በሩ ጋ ደግሞ ምንም። ውሃው ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ ወለሉ ራሱ እየነገረኝ ነው።

በግድግዳውና በአጥሩ መካከል ሰው የማይገባባት ጠባብ ክፍተት አለች። በጎኔ ተሸጉጬ ገባሁ። የጣሪያውን ውሃ የሚያወርደው የአሸንዳው ቱቦ ወገቡ ላይ ተሰብሯል፤ ከቆርቆሮው የሚሰበሰበው ውሃ ሁሉ የሚፈሰው ግድግዳው እግር ላይ ነው። አፈሩ መረሬ ነው። መረሬን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ አልለቅም ይላል፤ በጋ ላይ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። የሊሾው ትልቁ ስንጥቅ ከዚያ ግድግዳ ጋር ጎን ለጎን የሚሄደውም በዚሁ ይመስለኛል።

የተሰባበረውን ጥግ ሊያስተካክል የመጣው ግንበኛ ሊሾውን ሲነቅለው ደግሞ ሌላ ነገር ወጣ። በደንቡ ከአፈሩ በላይ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥቁር ድንጋይ ይደረደራል፣ ከዚያ ኮንክሪት፣ ከዚያ ሊሾ። ድንጋዩ ክብደት እንዲሸከም ብቻ አይደለም የሚደረደረው፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት ውሃው ወደ ላይ እንዳይሳብ መንገዱን ይቆርጥበታል። እኛ ዘንድ የተገኘው እዚህና እዚያ የተጣለ ድንጋይ፣ ከሥሩም ወዲያው ጥቁር አፈር ነው።

«ማድ ቤት ስለሆነ ነው፣ ጋሼ» አለኝ ግንበኛው ቀና ሳይል። «ለሠራተኛ መቆሚያ ማን ድንጋይ ያፈሳል?»

ይቺ ንግግር ከውሃው በላይ አብራኝ ሰነበተች። ትልቁ ቤት ሳሎን ውስጥ ያለው ቴራዞ እስከ ዛሬ ስንጥቅ የለበትም። ያ ሳሎን እንግዳ ሲመጣ ተቀምጠን የምናወራበት ነው፤ እዚያ ቆሞ የሚውል ሰው የለም። ሰው ቆሞ የሚውለው፣ እንጀራ ሲጋግር፣ ወጥ ሲያወጣ፣ ዕቃ ሲያጥብ፣ ሰርቪሷ ውስጥ ነበር። ስንት ሴቶች በዚያ ወለል ላይ ስንት ክረምት እንዳሳለፉ የማውቅበት መንገድ የለኝም፤ ማታ ፍራሽ ዘርግተው የተኙበትም ይኖራሉ። ጣውላዬን በአንድ ሌሊት ያጣመመው እርጥበት በነሱ እግርና ወገብ በኩልም አልፏል ማለት ነው። በየሰፈሩ ያሉትን ግቢዎች ስታስቡ ይህ የኛ ቤት ጉድ ብቻ አይመስለኝም። ጥሩውን ወለል ለሚታየው ክፍል፣ የተረፈውን ለሚሠራበት ክፍል እንሰጣለን። እኔም ፎቶውን አይቼ የጎመጀሁት ለዚያው ለመታየቱ ነበር።

ስለዚህ ለወለል ያስቀመጥኩት ገንዘብ መጀመሪያ የወጣው ከወለሉ ውጭ ነው። ቱቦው ተቀየረ፣ ውሃው ከግቢ እስኪወጣ ድረስ ተመራ፣ ግድግዳው እግር ላይ ወደ ውጭ ያዘነበለ የሲሚንቶ ቦይ ተሠራ። ለአማቼ የአዲሱን አሸንዳ ፎቶ ላክሁለት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አዲሱ ወለሌ ነው» አልኩት። አልሳቀም።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ፕላስቲኩን ደግሜ ለጠፍኩ። ጤዛ አለ፣ የሚወርድ ጠብታ ግን የለም። ድንጋይ ያልተደረደረበት ወለል ከዚህ በላይ አይደርቅም፤ ሁሉን ነቅዬ እንደ አዲስ ልሥራ ብል ደግሞ ወጪው ሌላ ሰርቪስ ይሠራል።

## ምን ይወድቅበታል?

ከዚያ በኋላ ምርጫው ቀለለኝ፤ እርጥበቱን አፍኖ የሚይዝ ነገር ሁሉ ወጣ። የቀሩትን ያበጠርኳቸው ሥራ ላይ ሆኜ ነው። እግሬ የት ይቆማል? ከእጄ ምን ይወድቃል?

ሴራሚክ ላይ መሮ ሲወድቅ ወይ የመሮው አፍ ወይ ሴራሚኩ ይሸረፋል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም። ደግሞ ሰጋቱራ ለስላሳ ሴራሚክ ላይ ሲነሰነስ እግር ያንሸራትታል፤ መላጊያ ስትገፋ ኃይሉ የሚመጣው ከእግር ስለሆነ ወለሉ ካልያዘህ ሥራ የለም። ቴራዞ ያው የሲሚንቶ ዘር ነው፣ ይተነፍሳል፣ ዕድሜም አለው፤ ግን መሞረጃ ማሽን ተከራይቼ ለዚህች ክፍል ብዬ አላወጣም። በሞራሌ ላይ የተመታ የጣውላ ወለል ደግሞ ልቤ የወደደው ነው። ይሞቃል፣ ለጉልበት ይራራል፣ የወደቀ መሮ አይጎዳበትም። እዚህ አፈር ላይ ግን ከሥሩ አየር እንዲያልፍበት ከፍ ብሎ መሠራት አለበት፤ ከፍ ካለ ደግሞ በሩ አይከፈትም፣ ከፍ ካላለ ይበሰብሳል።

ሊሾውን ራሱን ማዳን ቀረ። በመዶሻ ቀስ ብዬ እየመታሁ አዳመጥኩት፤ ከሥሩ የለቀቀው ቦታ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። እነዚያ ተነቅለው እንደገና ተለሰኑ። ስንጥቆቹም ተከፍተው ተሞሉ። እዚህ ላይ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው፤ አዲሱ ሊሾ እርጥብ ጆንያ ለብሶ አንድ ሳምንት ቆየ፣ ከዚያ ደግሞ ኮንክሪት ጥንካሬው የሚለካበት 28 ቀን እስኪሞላ ምንም አልነካሁትም።

ቀጥሎ የቀባሁት ሶዲየም ሲሊኬት ነው። ሳሙና የሚያመርቱ ሰዎች የሚጠቀሙበት ወፈር ያለ ፈሳሽ ነው፤ ኬሚካል መሸጫ ውስጥ ይገኛል። «ቀባሁት» ስል ቀለም አይምሰላችሁ። በውሃ ቀጥኖ ሲደረግ ወደ ሊሾው ይሰርጋል፤ ውስጥ ካለው ኖራ ጋር ተዋህዶ ሲሚንቶን ሲሚንቶ ካደረገው ነገር ጋር የሚመሳሰል ጠጣር ይሆናል፣ የላላውን ዱቄት እርስ በርሱ ያያይዘዋል። ላዩ ላይ ሽፋን ስለማይሠራ የሚላጥ ነገር የለም፣ ከሥር የሚመጣ እንፋሎትም መውጫ አያጣም። ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል፤ ቆዳ ያቃጥላል። ሊሾው ያልጠጣው ትርፍ ሳይደርቅ በውሃ ካልታጠበ ደግሞ ነጭ እድፍ ሆኖ ይቀራል። አያብረቀርቅም። ፎቶ ብታነሡት ምንም አላደረግክበትም ይሏችኋል። መጥረጊያ ይዤ ስገባ ግን ልዩነቱን አየዋለሁ፤ የሚነሣው ሰጋቱራ ብቻ ነው።

ወደ በሩ የሚያዘነብለውን ወለል አላቃናሁትም። ማድ ቤት ሳለች ሲታጠብ ውሃው እንዲወጣ የተሠራ ነው፣ ለኔም ይጠቅመኛል። በሥራ ጠረጴዛዬ ሁለት እግሮች ሥር ሽብልቅ አስገብቼ በውሃ ልክ አስተካከልኩት። የምቆምበት ቦታ ላይ ደግሞ ከባህር ዛፍ ርብራብ ሠራሁ፤ ሲፈለግ ተነሥቶ ይጠረጋል፣ ከሥሩ አየር ያልፋል፣ መሮ ቢወድቅ እንጨት ላይ ያርፋል።

ሳስበው አያቴ ቤት የነበረው ወለል ይመጣብኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ እበት ይለቀለቃል፤ የእበቱ ጭረት አቧራውን ያስርና እስከ ሳምንቱ ይይዘዋል። ያም የማያብረቀርቅ፣ መሬቱን የማያፍን ወለል ነበር፤ አለቀ ተብሎ የሚተውበት ቀንም አልነበረውም። ልጅ ሆኜ የድህነት ምልክት ይመስለኝ ነበር። ድህነትም ነበረበት፤ የሚለቀልቀው እጅ የማን እንደ ነበረም አልረሳሁም። እንደ ወለል ግን የሚያውቀው ነገር ነበረው።

ሲሊኬቱ ሁሉን አልፈታም። በሩ ሥር፣ ፀሐይና ወጨፎ የሚፈራረቁበት ቦታ፣ አሁንም በጣት ሲዳሰስ ነጭ ያደርጋል። ዝናቡ ሲወጣ ሌላ እጅ እሰጠዋለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ርብራቡን መጥታ አየችው፤ ጫማዋን አውልቃ ቆመችበት፣ ወዲያ ወዲህ አለችበትና «እኔ ዕቃ ሳጥብ የምቆመው ደመና ላይ መስሎህ ነው?» አለችኝ። የማድ ቤቱን መታጠቢያ ፊት ለካሁት። ውሃ የሚረጭበት ቦታ ስለሆነ ባህር ዛፍ አይሆንም፤ ጥድ እያፈላለግኩ ነው።